ማንን ይቅር ልበል?

ልብስ ሰፊውን የሰፈሩ ሰው «ዜና» ብሎ ነው የሚጠራው። ወሬ የሚያመላልስ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ስለሚውል፣ ደንበኛ ሲያናግረው አንገቱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ የለውም። ስሙ የወጣለት ከቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ እሑድ በአትሮንሱ ፊት ቆሞ ምንባብ ሲያነብ መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ እያንዳንዷን ቃል እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በቦታ በቦታዋ እያስቀመጠ፣ ልክ እንደ ሬድዮ ሰው ያነባል። ስለ ነቢያት መከራ ሲያነብ እንኳ ሰው ቀጥሎ የአየር ጠባይ የሚመጣ ይመስለዋል። ልጆች ይስቁበታል። አሮጊቶች ግን ይወዱታል፤ «የሱ ድምፅ ጆሮ ፈልጎ ይገባል» ይላሉ።

ሱቁ ጠባብ ናት፤ በቁልፍ ቀራጩና በደብተር መሸጫው መካከል ተሸጉጣ ከውጭ ሲያይዋት በር ብቻ ትመስላለች። መስኮቷ ሥር ባለፔዳል የስፌት መኪና፣ በስተግራ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በስተጀርባ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ የልብስ መስቀያ ብረት አለ። በብረቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ የፖሊስ ሱሪ ተሰቅሏል። ማሳጠር፣ ወገብ ማስፋት፣ ዚፕ መቀየር፤ የልብስ ሰፊው ቤት የሚተዳደረው በዚህ ነው። ነፋስ በበሩ ሲገባ የሱሪዎቹ እግሮች አብረው ይወዛወዛሉ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ቁጭ ብሎ ሲያያቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነግሩት የሚራመዱ ሰዎች ይመስሉታል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ለዳቦ የወጣ ነበር፣ በምርጫ ለተሰረቀ ድምፁ የወጣ ነበር፣ የዓመታት ብሶት ከቤት ያስወጣውም ነበር፤ ማን ለምን እንደወጣ አይለይም። የልብስ ሰፊው የእኅት ልጅ ከወጡት አንዱ ነው። ሒሳብ ሊያስተምር ገና ልምምድ የጀመረ ልጅ ነበር። በገበያው መውጫ ላይ ጥይት ተተኮሰና አንዷ አገኘችው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሚታወቅ ነው፤ ሆስፒታል፣ ሳጥን፣ ፍትሐት፣ አፈር።

ከመቃብር መልስ ግን አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ልጁ በምን እንደሞተ የማያውቅ ሰው በከተማው የለም፤ የሚናገር ሰው ግን ጠፋ። ሬድዮው «በተፈጠረው ሁከት የሰው ሕይወት አልፏል» አለ። ሐኪሙ «በደረሰበት አደጋ» አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ አረፈ፣ ምን ይደረጋል» አለ። ጳጳሳቱ ለሰላም ጸልዩ ብለው ባወጡት መልእክት ላይ ደግሞ «አሳዛኝ ክስተት» የሚል ቃል ነበረበት። መልእክቱን በአትሮንሱ ላይ ቆሞ ያነበበው ራሱ ዜና ነው፤ ቃሏ ላይ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ቃላት ሁሉ ለይቶ፣ አጥርቶ አስቀመጣት። እኅቱ በዚያን ዕለት ቅዳሴው ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣችም።

አንድ ረቡዕ ከሥራ መልስ ወደ ሱቁ መጣች። በሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥፍ ነው የምትውለው። ታላቁ ናት፤ እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች እጁን ይዛ ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ያደረሰችው እሷ ናት። ዛሬም ጸጉሩ ሸብቶ እንኳ «እትዬ» እያለ ነው የሚጠራት።

«እትዬ፣ ግቢ ግቢ። ሻይ ላስመጣልሽ?»

«ሻይህን ተወውና መጀመሪያ ያንን ስፒል ከአፍህ አውጣ። አንድ ቀን ትውጠውና እኔው ላልቅስ ነው?»

አወጣ። እሷም ተቀመጠች። ፊቷን ከተሰቀሉት ሱሪዎች ወደ መንገዱ አዞረች።

«እሑድ የምእመናን ጸሎት የምታነበው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«ለልጄ እንዲጸለይለት እፈልጋለሁ።»

«ይኼማ ምን ጥያቄ አለው! አንቺ ባትይስ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ‹ያረፈው› እንዳትል። ‹የተገደለው› ብለህ አንብብ።»

ልብስ ሰፊው ከመርፌዋ ሥር ጨርቅ እንደሌለ እያወቀ የመኪናዋን ጎማ በእጁ አሽከረከረ።

«እትዬ፣ ‹ያረፈው› እኮ የቤተ ክርስቲያን አነጋገር ነው። ለማንም የሚባለው እንደዚያ ነው።»

«ሌሎቹ አርፈው ይሆናላ። ባለቤቴ አርፏል፤ ያን ያህል ጊዜ አልጋ ላይ ተሰቃይቶ ስለነበር በሞተ ጊዜ እኔም ‹እሰይ፣ አረፈልኝ› ብያለሁ። ልጄ ግን ምን ደክሞት ነው የሚያርፈው? ሥራ እንኳ ገና መጀመሩ ነበር።»

እሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትቆጣ ሳይሆን የልቧን ስትናገር ነው እንደዚህ የምትሆነው።

«ስማኝ ወንድሜ። ማታ ስተኛ አባታችን ሆይ እደግማለሁ። እዚያች ቦታ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለህ።»

«የይቅርታዋ?»

«የይቅርታዋ። የበደሉንን... እልና፣ ማን? እላለሁ። ሬድዮው ማንም አልነካሽም ይለኛል። ሐኪሙ አደጋ ነው ይለኛል። ጎረቤቱ አረፈ ይለኛል። ጳጳሳቱ ክስተት ነው ይሉኛል። ታዲያ ማንን ይቅር ልበል? ክስተትን? ክስተት በሬን አንኳኩቶ ‹እናቴ ይማሩኝ› ይለኛል?»

«እትዬ...»

«በቀል አልፈልግም፤ እግዜር ያውቃል። ይቅር ማለት ነው የምፈልገው፤ ካልሆነማ ይኼ ነገር ውስጤ ተቀምጦ ይበላኛል። ግን ይቅር የሚል የተበደለ ሰው ነው። መበደሌን አንድ ሰው በአፉ ሙሉ፣ በቤተ ክርስቲያኔ ውስጥ ይናገርልኝ። ያ ካልሆነ ደጃፉን አልረግጥም። ዋሽቶ ከመጸለይ ቤት መቀመጥ ይሻላል።»

ልብስ ሰፊው የማይገባ ነገር ከአፉ አመለጠው። «ድንጋይ ወርውሯል የሚሉም አሉ።»

የተናገረው ገና ከመሰማቱ በሆዱ «ምነው ስፒሉን ባላወጣሁ» አለ። እኅቱ ግን አልተቆጣችም።

«ወርውሮ ከሆነ እሱንም ጨምርበት። ‹ድንጋይ የወረወረው፣ የተገደለው› በል። እውነቱን ሙሉውን ስጡኝ እንጂ፣ ቢጠበኝም ቢሰፋኝም እለብሰዋለሁ። ቅዳጁን ብቻ አትስጡኝ።»

ተነሥታ ሄደች። እሱ ብዙ ሰዓት ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እኅቱን ያውቃታል፤ ለማስፈራራት ብላ የምትናገር ሴት አይደለችም። ባሏን ስትቀብር፣ ቤት ስትለቅ፣ ሥራ ስታጣ፣ ተደግፋ የቆመችው በዚያ ደጃፍ ነው። ያ ደጃፍ ከቀረባት ሌላ የሚያቆማት ነገር የለም። እየኮራች፣ እየደረቀች፣ ብቻዋን በአንዲት ክፍል ውስጥ ስታረጅ ታየችው።

በማግስቱ ወደ ቆሞሱ ሄደ። ቆሞሱ ወጣት ናቸው፤ መነጽራቸው ከአፍንጫቸው እየተንሸራተተ ያስቸግራቸዋል። ልብስ ሰፊው በዕድሜ ስለሚበልጣቸው እሳቸው «ጋሼ» ይሉታል፣ እሱ «አባ» ይላቸዋል፤ አንዱ ላንዱ ሲያጎነብስ ወሬ ለመጀመር ጊዜ ይፈጅባቸዋል። ያን ዕለት ግን አባ በሁለት እጃቸው ባልዲ ይዘው ስለነበር ማጎንበሱ ቀረ። የቁምስናው አዳራሽ በሁከቱ ቤታቸው በተቃጠለባቸው ሰዎች ተሞልቷል። ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተደርቧል፤ መዘምራን የሚቆሙበት መድረክ ላይ የሕፃናት ልብስ ታጥቦ ተዘርግቷል፤ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ልጅዋን ታጥባለች።

አባ ባልዲውን አቀብለው ሲመለሱ ልብስ ሰፊው የእኅቱን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ጋሼ፣ የታችኛው ቁምስና አባ በስብከታቸው መካከል አንዲት ቃል ጨመሩ። ያው እንደሚያውቁት እስከ ዛሬ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቸውም ታሽጓል። እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም...» ቆም አሉ። «አይ፣ ለራሴም ነው፤ ለምን እዋሽዎታለሁ። ግን ይኼን አዳራሽ ይዩልኝ። እኛ ስንታሸግ እነዚህ የት ይገባሉ?»

«ታዲያ ለእኅቴ ምን ልበላት?»

«‹ያረፈው› ማለት ውሸት አይደለም በሏቸው። በጌታ እጅ ነው ያለው፤ በዚያ በኩል ሲታይ አርፏል።»

«በዚህ በኩል ሲታይስ አባ?»

አባ መነጽራቸውን መለሱና ሕፃኗ ውሃው ቀዝቅዞባት ስትጮህ ወደዚያ አዩ።

ልብስ ሰፊው መንገዱን ሁሉ ሲያስብ ሄደ። እሱ ነገር የሚገባው በሙያው በኩል ነው፤ ሱሪ ሲረዝም ይታጠፋል፣ ሲጠብ ይለቀቃል፣ ጨርቅ ሲያጥር ሌላ ጨርቅ ይቀጠላል። ታዲያ ቃልስ ለምን አይቀጠልም? እኅቱ ቤት ሲደርስ ደስ ብሎት ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን በውሃ ዘፍዝፋ አገኛት።

«እትዬ፣ መላ አገኘሁ። አንቺም አባም የምትስማሙበት።»

«እስቲ?»

ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚያው በሬድዮ ድምፁ አነበበላት። «በጥይት ላረፈው ወንድማችን፣ ወደ ጌታ እንለምን።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ እሷ ግን እየሳቀች ነው። ልጇ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነው።

«በጥይት ያረፈው! ጥይት ትራስ ነው እንዴ አንተ?»

እሱም ሳቀ። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ የሱ እንባ ቆመ፣ የሷ ግን ቀጠለ፤ ሳቁ መቼ እንዳለቀና ለቅሶው መቼ እንደጀመረ አላወቀም። ፎጣ አቀበላት። ፊቷን ጠርጋ «አንተ ቃሉን አጠፍከው እንጂ አልነገርከኝም» አለች። «አንሶላ ሳጥፍ ነው የምውለው፤ የታጠፈ ነገር አያታልለኝም።»

ዓርብ ዕለት ከደንበኞቹ አንዱ የሆነ የፖሊስ አሥር አለቃ ሱሪውን ሊለካ መጣ። ሳቂታ፣ ወፍራም፣ ከሰው ጋር የሚግባባ ሰው ነው፤ እሑድ እሑድም ከኋላው ወንበር አይጠፋም።

«ዜና! ወገቡን ልቀቅልኝ። ደመወዝ ቆሞ ሆዴ ብቻ ነው የሚያድገው።»

ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ስፒሉን በከንፈሩ ያዘና እግሩ ሥር ተንበርክኮ የሱሪውን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ። አሥር አለቃው ከላይ ሆኖ ኮፍያውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«የእኅትህ ልጅ ማረፉን ሰምቼ... እግዜር ያጽናችሁ። እኔ ያን ዕለት ባንክ ነበር የምጠብቀው። ገበያው ጋ አልነበርኩም።»

ማንም አልጠየቀውም ነበር። ልብስ ሰፊው ይኼን ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው፤ ወዲያው ደግሞ በመቅለሉ አፈረ። ይኼ ሰው ካልነበረ ሌላ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ሌላ ሰው የለበሰውን ሱሪ እግር ማን አጠፈለት?

«ዞር በል» አለው በስፒሉ መካከል።

አሥር አለቃው ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶ ሲናገር ድምፁ ተለወጠ። «ወንድም፣ እሑድ የተለመደውን አንብብ። እኅትህ ያለችው ወሬ ሆኖ እኛም ጋ ደርሷል። ለክፋት አይደለም የምነግርህ፤ ይኼ ሁሉ ሱሪ እኮ ሌላ ሰፊ ዘንድም ይሄዳል። ሌላም ነገር ይመጣል።»

ሲወጣ በመስታወቱ ራሱን አይቶ ሆዱን ሳብ አደረገ፤ መልሶ ለቀቀው።

ቅዳሜ ከሰዓት አባ ጫፉ የተተረተረ የቅዳሴ ልብሳቸውን ይዘው ሱቁ ድረስ መጡ። እንዲህ ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሰው ነው የሚልኩት። ልብስ ሰፊው መኪናዋ ሥር አስገብቶ መስፋት ጀመረ። አባ ቆመው የሱን እጅ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጸሎተ ሃይማኖት ስደግም አንድ ነገር ገጠመኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስደግመው ኖሬ አንድ ቀን ልብ አላልኩትም።»

«ምን ገጠመዎት አባ?»

«እዚያ ውስጥ ጌታችን አረፈ አንልም። ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ ነው የምንለው። ይባስ ብሎ የፈረደበትን ሹም ስም ጠርተን ነው። ጲላጦስን! ድፍን ዓለም፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ እሑድ በመጣ ቁጥር አንድ ባለሥልጣን በስሙ ይጠራል። ለምን ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ። ብቻ እንዲያው በአየር ላይ እንዳልሞተ እንድናውቅ ይመስለኛል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን፣ በሰው እጅ ነው የሞተው። የማራቸውም እዚያው መስቀሉ ላይ ሆኖ፣ የገደሉትን እያያቸው ነው።»

የስፌት መኪናዋ ቆመች። «ታዲያ ላንብበው?»

አባ አፈሩ። «የምእመናን ጸሎት እኮ የምእመናን ነው፤ የቄስ አይደለም። ያንብቡ አልልም፣ አያንብቡም አልልም።»

«አባ፣ ይኼማ መሸሽ ነው።»

«መሸሽ አይደለም።» ጥቂት አሰቡ። «ትንሽ መሸሽ ነው። ግን ከአዳራሹ ሰዎች ጋር ትናንት ተነጋገርኩ፤ ‹በእኛ ምክንያት ዝም ካላችሁ አስጠለልናችሁ አትበሉን› አሉኝ። ስለዚህ እነሱን ምክንያት ማድረግ አልችልም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ለፈሪም ይጸልዩለት።»

የተሰፋላቸውን ልብስ አጥፈው ወሰዱ። ልብስ ሰፊው ማታ ቤቱ ገብቶ ጓዳ ለጓዳ ሲንጎራደድ አመሸ። ባለቤቱ እንዳላየች ሆና ተወችው፤ በመጨረሻ ግን አልቻለችም።

«ጉሮሮህን ስንት ጊዜ ነው የምትጠርገው? ቧንቧ የተደፈነ ነው የሚመስለው።»

«ብናገረው ሱሪዎቹ ይሄዳሉ» አላት።

«እኔን እንድከለክልህ ነው የምትነግረኝ?»

እውነት ነው፤ ለዚያ ነበር። እሷም ትራሱን እያስተካከለች «እኅትህን ንገራትና ትምጣ» አለችው።

ወደ እኅቱ የላከው አንዲት ቃል ናት። «ነይ» የምትል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። የአዳራሹ ሰዎች ከነልጆቻቸው በግራ በኩል ተቀምጠዋል። እኅቱ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ወንበር ላይ አለች፤ እጆቿን ጭኗ ላይ እንደ አንሶላ አጥፋለች። ከኋላ በር አጠገብ አሥር አለቃው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ለመጸለይ ያልመጣ የሚመስል፣ ሁሉንም የሚያይ ሰውዬ አለ።

ሰዓቱ ደረሰና ልብስ ሰፊው ወደ አትሮንሱ ወጣ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ጸለየ፤ «ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ» አሉ ሁሉም። ስለ ሀገር መሪዎች ጸለየ፤ ሁሉም መለሱ። ስለ ሕሙማንና ስለ ተፈናቀሉት ጸለየ፤ ሁሉም መለሱ። ከዚያ ጉሮሮውን ሊጠርግ ፈለገና አልጠረገም።

«በገበያው መውጫ ላይ በጥይት ለተገደለው ለእኅቴ ልጅ፣ ከእሱም ጋር ለተገደሉት ሁሉ፣ ወደ ጌታ እንለምን።»

የሬድዮው ድምፅ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ ውሃ አቀብሉኝ የሚልበት፣ ተራ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነው የወጣው። አንድ ሕፃን ሳል ሳለ። ከአዳራሹ ሰዎች መካከል አንዲት አሮጊት ብቻቸውን «ጌታ ሆይ» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ የሁሉም ድምፅ እንደ ጎርፍ ወረደ። እኅቱ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ፊቷ ላይ ያለፉት ሳምንታት ድርቀት ሲለቅ አየ፤ ሥራው ያለቀ መሰለውና ከአትሮንሱ ሊወርድ ተነቃነቀ።

በዚያ ቁምስና ከተጻፈው ጸሎት በኋላ አባ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ በልቡ ያለውን የሚጨምር ካለ እንዲጨምር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጨምር የለም። እኅቱ ተነሣች።

«ልጄን ለገደለው ሰው» አለች። እንደ ሁልጊዜዋ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ግን ተሰማ። «እናት ካለችው ለእናቱም።»

ተቀመጠች።

አሁን «ወደ ጌታ እንለምን» ማለት ያለበት አንባቢው ነው። እሱ ካላለ ሕዝቡ አይመልስም። ልብስ ሰፊው አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ፍርሃት መስሎት ነበር። ፍርሃትን ግን ያውቀዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ አብሮት ከርሟል፤ ይኼ ሌላ ነው። ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ሱቅ ያመጣበት ቀን ትዝ አለው፤ ልጁ የጠመኔውን ስባሪ አንሥቶ ወለሉ ላይ ሁሉ ቁጥር ሲጽፍበት። ያ የማያውቀው ሰው፣ ቃታ ስቦ ልጁን የጣለው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን በልቷል። ለእሱ ደግሞ ልጸልይ? ሳምንቱን ሁሉ ቃሉን የደበቀው ለሱሪዎቹ ብሎ መስሎት ነበር። ለካ «የተገደለው» ካለ ገዳይ እንደሚመጣ፣ ገዳይ ከመጣ ደግሞ ምን ላድርገው የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ሆዱ ያውቅ ኖሯል። «ያረፈው» ለእሱም ይመቸው ነበር።

እኅቱን አየ። እሷ እያየችው ነው። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም። በልጅነቱ ጫማውን ማሰር ሲያቅተው አጠገቡ ቆማ እንደምትጠብቀው እየጠበቀችው ነው።

«ወደ ጌታ...» አለ። «ወደ ጌታ እንለምን።»

የመለሱት ጥቂቶች ናቸው። አባ መለሱ። አሮጊቷ መለሱ። ከዚህም ከዚያም አንዳንድ ሰው አጉረመረመ። ብዙዎቹ ዝም አሉ፤ ማንም አልፈረደባቸውም። አሥር አለቃው አቀርቅሮ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ከአትሮንሱ ላይ ሆኖ አይለይም።

ሲወጡ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ነበር። እኅቱ ክንዱን ያዘች።

«ምነው እንደዚያ ዘገየህ?»

«አልወጣልኝ አለ።»

«እኔስ ወጥቶልኝ ነው እንዴ? በአፌ ነው ያልኩት። ወደ ውስጥ ገና አልገባም።»

«ታዲያ ለምን አልሽው?»

«መግቢያውን እንዲያውቀው» አለች፤ ደረጃውንም ቀድማው ወረደች።

ሰኞ ጠዋት የፖሊስ መኪና መጥቶ ሱሪዎቹን ጫነ። ያለቀውንም ያላለቀውንም፣ ወገቡ የተተረተረውንም ጭምር። አሥር አለቃው አብሮ አልመጣም። የልብስ ሰፊው ባለቤት ባዶውን ብረት አየችና «ዜናውን አነበብክ፤ እንግዲህ ምሳህንም አንብበው» አለችው። ከዚያ ግን ወጥታ ለደብተር መሸጫው ባለቤት የትምህርት ቤት ልብስ ስፌት እንዲያፈላልግላቸው ስትነግረው ሰማት።

አባንም ፖሊስ ጣቢያ ጠርተዋቸው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ እኅቱ ሥራዋን ጨርሳ ተቀምጣ፣ እሱም የጎረቤት መጋረጃ ሲሰፋ፣ አባ በእግራቸው ገቡ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱም ተነሡላቸው። ፊታቸው ይስቃል።

«ለቀቁኝ። ለጊዜው ነው አሉ።»

«እሰይ! እሰይ አባ!» እኅቱ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። «ምን አሉዎት?»

«ጠዋት ያስጠበቁኝ ኮሪደር ላይ ነው፤ ወንበር እንኳ የለውም። ከዚያ አንዱ ሹም አስገባኝና ‹ገዳይ ያላችሁት ማንን ነው? ስሙን ንገረን› አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«አላውቀውም አልኩት። አልዋሸሁም፤ አላውቀውም። ‹ካላወቅኸው እንዴት ትጸልይለታለህ?› አለኝ። እኔም...» አባ ራሳቸው በነገሩ እንደ መገረም አሉ። «ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ‹እናንተ ካወቃችሁት የተገደለው ልጅ እናት እየጸለየችለት እንደሆነ ንገሩት› አልኩት።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። «አባ! ፈሪ ነኝ አላሉኝም ነበር?»

«እየፈራሁ ነው እኮ የነገርኩት!»

«እሱስ ምን አለ?»

«እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በሩን አሳየኝ።»

እኅቱ አልሳቀችም። በቆመችበት ሆና መጋረጃውን ጫፍና ጫፉን ይዛ፣ ሳታውቀው ለሁለት አጠፈችው፣ ለአራት አጠፈችው። መንገዱ ላይ ሰው ከሥራ ይመለሳል፤ ሸክም የያዘ፣ ልጅ ያንጠለጠለ፣ ባዶ እጁን የሚያወዛውዝ። አንድ በአንድ ፊት ፊታቸውን ታያለች።

«አባ» አለች ቆይታ፣ «ይነግሩት ይሆን?»